ሁለት መቶ ሃምሳ ካሎሪና አረንጓዴው ቀሚስ

የልብስ ሰፊው እህት ሚዛን ላይ መውጣት ከተወች አራት ዓመት አልፏታል። ያኔ አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ገብታ በሩ አጠገብ የቆመው ሚዛን ላይ ወጣች። ባለመድኃኒቱ ዓይኑ የደከመ፣ ድምፁ ግን የገበያ ለፋፊን የሚያስንቅ ሰው ነበርና ቁጥሩን ለተሰለፈው ሰው ሁሉ አነበበው። ከኋላዋ የቆመ አንድ ጎረምሳ፣ "ሁለት ሆነው ነው እንዴ የወጡት?" ብሎ ጠየቀ። ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ቤቷ ገብታ በሯን ዘግታ ቆየች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚዛን ካለበት ቤት አትደርስም።

ወንድሟን ሰፈሩ "ጋሽ ሚሊ" ይለዋል። ሌላው ሰፊ በሴንቲ ሲለካ እሱ ሚሊ ይቆጥራል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ደንበኛ "እዚህ ጋ ትንሽ አጥብቀው" ሲለው፣ "ሰውነትዎ እንደዚያ አይልም" ብሎ መቀሱን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ኩሩ ሰው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅ አበላሸ ተብሎ አያውቅም።

ይህን ሙያ በእጁ ያስያዘችው እሷ ናት። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሞቱ እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። ልብስ ፋብሪካ ገብታ የቁልፍ ቀዳዳ ትሠራ ጀመር። ማታ ማታ ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዛለት እየመጣች መርፌ አያያዝ አሳየችው። እሱ ጠግቦ ሲያድር እሷ በልቼ መጣሁ እያለች ስንት ቀን ጾሟን እንዳደረች ያወቀው ካደገ በኋላ ነው። ትዳር ሲነሳባት፣ "ልጅ ያላትን ማን ያገባታል?" እያለች ትቀልድ ነበር። ልጁ እሱ መሆኑ ነው። ሱቅ ሲከፍትም መጥታ ዓይኗ እስኪደክም ሃያ ዓመት የቁልፍ ቀዳዳ ሠራችለት። አሁን ሚስቱ ሞታ ልጆቹም ወጥተው፣ ከሱቁ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች የሚኖሩት እሱና እሷ ብቻ ናቸው።

ታዲያ በስድሳ ሰባት ዓመቷ እምብርቷ አጠገብ እበጥ ወጣባት። ስትቆም ይወጣል፣ ስትተኛ ይገባል። ወንድሟ ከወፍራም ሸራ መቀነት ሰፍቶላት በዚያ ሆዷን ደግፋ ትውላለች። ቀዶ ሐኪሙ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣው በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ዓይኗን አስጨፍኖ መዘናት፣ መረመራትና እንዲህ አላት፦

"እናቴ፣ በዚህ ስብ ላይ ብሰፋው ተመልሶ ይተረተራል። በሦስት ወር ውስጥ ስድስት ኪሎ ይቀንሱልኝ። በሚቀጥለው ስመጣ ስምዎ መዝገቡ ላይ ነው።"

ልብስ ሰፊው ነገሩ ወዲያው ገባው። የተወጠረ ጨርቅ ላይ ክር እንደማይበረክት ለእሱ የሚነግረው አያስፈልግም።

ዝርዝሩን የነገረቻቸው ነርሷ ናት። ከሲታ፣ ፈጣን፣ ቀልድ የምታውቅ ሴት ነች።

"እሺ ሲስተር፣ ስንት ካሎሪ ላቃጥል?" አለች እህቱ። "ካሎሪ የሚሉትንስ ዓይቼው አላውቅም።"

"እኔም አላየሁትም እማማ። ወገብ ላይ ሲቀመጥ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን" አለች ነርሷ። ወረቀት ስባ ጻፈች። "አንድ ኪሎ ስብ ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል እንዲወርድ በቀን አምስት መቶ ይጉደል። ሁለት መቶ ሃምሳውን ከሳህንዎ ላይ ያንሱ፣ ሁለት መቶ ሃምሳውን በእግርዎ ያቃጥሉ። ለእርስዎ ክብደት አንድ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ነው።"

"አምስት መቶውንም በእግሬ ባደርገውስ?"

"ሁለት ሰዓት ይሄዳሉ፣ ርቦዎት ይገባሉ፣ ያቃጠሉትን በዳቦና በማር ይመልሱታል። ይህ እበጥ ደግሞ መዳከም አይወድም። ከጠነከረና አልገባም ካለ ነገ የሚባል የለም፣ በሩጫ ወደኛ ነው። በየወሩ እየመጡ ይመዘኑ።"

"ሚዛን ላይስ ዳግም አልወጣም። ለመጨረሻው ቀን ካልሆነ።"

ነርሷ ተከራከረች፤ አልሆነላትም። በመጨረሻ፣ "ወገብዎን በሜትር የሚለካልዎት ሰው አለ?" ብላ ጠየቀች።

እህቱ ወደ ወንድሟ ዞረች። ፊቷ በራ። "ይኸውልሽ። በሚሊ ነው የሚለካው። ከሚዛንሽ እሱን አምናለሁ።"

ልብስ ሰፊው ኮቱን አስተካክሎ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ነርሷም፣ "እንግዲያው በእርስዎ ጣልኩት" አለችው።

ቤት ሲገቡ እህቱ ሳጥኗን ከፍታ አረንጓዴውን ቀሚስ አወጣች። ከዓመታት በፊት የሰፋላት፣ ገበር ያለው፣ ከኋላ በዚፕ የሚዘጋ፣ ፀሐይ እስኪያፈዝዘው የለበሰችው ቀሚስ ነው። አሁን ዚፑ አይገናኝም። "የወገብ ቁጥር አትንገረኝ። በዚህ ለካኝ። ሲዘጋ ደረስኩ ማለት ነው" አለችው። በዚፑ በሁለቱ ወገን መካከል ያለውን ክፍተት ለካ። አሥራ አንድ ሴንቲ። የደንበኞች ደብተሩ ላይ አንድ ገጽ ሰጣትና ጻፈው።

በየማለዳው የሸራ ጫማዋን አጥልቃ፣ የእሱ ልጅ የተወችላትን ስልክ ኪሷ ከታ ትወጣለች። ስልኩ እርምጃዋን ይቆጥራል፣ የተቃጠለውንም ካሎሪ ይናገራል። ስትመለስ ከበሩ ሆና፣ "ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት። ሁለቱ ለአንተ" ትለዋለች። ሳህኗ ላይ ሩዙ ቀነሰ፣ አትክልቱ በዛ። በአራተኛው ቅዳሜ ክፍተቱ ዘጠኝ ሆነ።

በአምስተኛውም ዘጠኝ ሆነ። በስድስተኛውም ዘጠኝ።

"እንደገና ለካ" አለችው።

"ሦስቴ ለካሁት እትዬ።"

ፊቷ ዳመነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነርሷ ያለችውን ረሳች። ሁለት ሰዓት ትሄዳለች፤ ተመልሳም ከሱቁ አጠገብ ያለውን ሕንፃ አራት ፎቅ ደረጃ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ስልኩ ስድስት መቶ አርባ አለ። ማታ የጎመን ሾርባ ብቻ። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ያገኘቻት ከመንገዱ ማዶ ያለችው ሴት ሰፊ ናት። ይህችን ሴት ሰፈሩ "ነገ ይደርሳል" ይላታል፤ ለየትኛውም ልብስ መልሷ ይኸው ስለሆነ። ደግፋ አመጣቻት።

"ጋሽ ሚሊ፣ እህትህን ጠብቃት እንጂ። ሱሪ ብቻ ነው እንዴ የምታየው?" አለችው።

እበጡ ጠንክሮ ነበር። ተኝታ ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ ገባላት። ያን ግማሽ ሰዓት ልብስ ሰፊው አልጋዋ አጠገብ ቆሞ ደቂቃ ሲቆጥር ነበር። ነገ ወደ ነርሷ እንሂድ ሲላት፣ "ሚዛኑ ላይ ሊያወጡኝ ነው፣ አልሄድም" አለች። ተዪ ቢላት አልሰማችም። በማግስቱም ጫማዋን አጠለቀች።

እሷ እንደወጣች ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ለምን እንደዘረጋው ለራሱም አልነገረውም። ጋሽ ሚሊ ልብስ ሲሰፋ ጎን ስፌቱ ውስጥ በየጠርዙ ሦስት ሴንቲ ትርፍ ይተዋል፤ ሰው ይወፍራል ብሎ። ገበሩን ፈታ። ምላጭ አነሳና የሁለቱን ጎን ስፌት ተረተረ። ከአራቱም ጠርዝ ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ለቆ መልሶ ሰፋው፤ በጠቅላላው ሁለት ሴንቲ ማለት ነው። እርጥብ ጨርቅ ደርቦ በካውያ ተኮሰው። ገበሩን ዘጋ። እሷ ላቧን ጠብ እያደረገች ስትመለስ ቀሚሱ ሳጥኑ ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ክፍተቱ ሰባት ሆነ።

"በደንብ አየኸው?"

"ሰባት ነው።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ ተነስታ እንቁላል ጠበሰች፣ በዳቦ በላች፣ ቀትር ላይም እንደ ሕፃን ተኛች። ልብስ ሰፊው ትንፋሿን ከመጋረጃው ወዲህ እየሰማ፣ ደግ ሠራሁ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው አለ።

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ሲቃረብ ግን ደብተሩን ገልጦ የጻፈውን ሰባት አየ። ክፍተቱ ወደ ዘጠኝ ተመልሶ ቢገኝ ምን ይላታል? ያው ሰባት ላይ ቢቆምስ ወደ ደረጃው አትመለስም? እሷ ለእርምጃ ስትወጣ እሱ ምላጩን አነሳ። እንዲህ ሆኖ የእሷ ሰዓት የእሱም ሰዓት ሆነ። እሷ ሁለት መቶ ሃምሳዋን ስታቃጥል እሱ ክር ይፈታል። ደብተሩ ላይ ሰባት፣ አምስት፣ ሦስት እያለ ሲጽፍ የገዛ ጽሑፉን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

እሷ ተረጋጋች። በመረጋጋት ብቻም አላቆመችም፣ ዘና አለች።

"አየህ፣ ሁለት ሰዓት መሄዴ ነበር ያበላሸው። ሁለት መቶ ሃምሳው በቂ ነው" ትለዋለች። ዝናብ ሲጥል ትቀራለች። እንግዳ ሲመጣ ትቀራለች። ሱቁ ለሚመጡ ሴቶች ግማሹን ከሳህን፣ ግማሹን በእግር እያለች ታስተምራለች። "ነገ ይደርሳል"ም አብራት መሄድ ጀምራ ነበር።

"እኔ ካንቺ ጋር እየሄድኩ አንድ ሚሊ ሳልቀንስ አንቺ በሳምንት ሁለት ሴንቲ ትጥያለሽ። የት ነው የምትጥይው፣ ልልቀመው?" አለቻት አንድ ቀን በሱቁ በር ላይ።

"ወንድሜ ነው የሚለካኝ። ያንቺን የሚለካ ማን ነው? ራስሽ?" አለች እህቱ። ሁለቱም ሳቁ። ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ የሌለ መርፌ ወለሉ ላይ ፈለገ።

በአምስተኛው ጊዜ ዚፑ ተዘጋ። ትርፉ ጨርቅ ከየጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ብቻ ቀርቶት ነበር። እህቱ ቀሚሱን ለብሳ መስተዋቱ ፊት ዞር ዞር አለች፤ ከዚያ የወንድሟን ጭንቅላት ይዛ ግንባሩን ሳመችው።

በቀጠሮው ቀን ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ሆስፒታል ገባች። ሚዛኑ ላይ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ ወጣች። ስትጀምር ዘጠና አንድ ኪሎ ነበረች። ነርሷ አየች፣ ዝቅ ብላ እንደገና አየች።

"ሰማንያ ዘጠኝ ተኩል።"

"ሚዛንሽ ተበላሽቷል ሲስተር።"

ነርሷ ራሷ ወጣችበት፤ ትክክል ነው። ከሌላ ክፍል ሌላ ሚዛን አስመጣች፤ ያው ሰማንያ ዘጠኝ ተኩል። እህቱ ዞራ ዚፑን አሳየቻት። "ይኼን እዪው። ሦስት ወር ሙሉ አልዘጋ ያለ ዚፕ ነው። እሱ ይንገርሽ።"

ነርሷ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረች። "ተዘግቷል" አለ ብቻ። እውነት ነው፣ ተዘግቷል።

ነርሷ ካርዱ ላይ "የምግብ ምክሩን አልተከተሉም" ብላ ጻፈች። ቦታዋ ለሌላ በሽተኛ ተሰጠ። ሐኪሙ ተመልሶ የሚመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው።

ቤት ሊደርሱ ሲሉ እህቱ ቆመች።

"ልንገርህ። ማር እበላ ነበር። በአጠገቡ ሳልፍ በማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ። ሁለት ሦስት ማንኪያ ይሆናል በቀን። እሱ ነው ያበላሸኝ። አንተ እንደዚያ ለክተህ፣ ደክመህ፣ በሰው ፊት አሳፈርኩህ። ይቅር በለኝ ወንድምዓለም።"

"ተይው። ይቅር ብያለሁ" አላት።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ሊመልሰው ፈልጎ ነበር። እሷ ግን እጁን ይዛ መንገዷን ቀጠለች።

ሁለት ቀን ሳይበላ ዋለ። ሱሪ ቆርጦ አንዱን እግር አሳጠረው፤ በአርባ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ደንበኛው፣ "ጋሽ ሚሊ፣ አመመህ እንዴ?" አለው። አዎ ቢል በቀለለው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ እህቱ ጫማዋን ታጠልቃለች። ማሩን ለጎረቤት ሰጥታለች። ወረቀት ላይ ሰባት መቶ ብላ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋለች።

"ከእንግዲህ ሰባት መቶ ነው። ሌባ እኮ እንዲህ ነው የሚቀጣው" አለች። "መቀነቱን እሰርልኝ።"

ከኋላዋ ቆሞ የመቀነቱን ጫፍና ጫፍ ያዘ። ማሰር አቃተው።

"እትዬ፣ ተቀመጪ።"

"ይረፍድብኛል፣ ስመለስ ንገረኝ።"

"ተቀመጪ ስልሽ። ማሩ አይደለም። እኔ ነኝ።"

ነገራት። ሲነግራት ወለሉን ነበር የሚያየው። ከደረጃው ቀን ጀምሮ፣ ቅዳሜ በቅዳሜ፣ ስንት እንደለቀቀ በሴንቲ ነገራት። እሷ አላቋረጠችውም። ሲጨርስ መነጽሯን ጠየቀች። ቀሚሱን አምጥታ ገበሩን ራሷ ፈታችና ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ፀሐይ ባፈዘዘው ጨርቅ ጎን፣ ከስፌቱ ውስጥ የወጣው ክፍል እንደ አዲስ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል። የጥንቱ መርፌ የበሳው መስመር አለ፤ ከሱ ቀጥሎም ሌሎች። ሃያ ዓመት የቁልፍ ቀዳዳ የሠራ እጅ ነውና በጥፍሯ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው።

"አንድ ጊዜ መነጽሬን ባደርግ አየው ነበር" አለች። "ለምን ብዬ አደርጋለሁ?"

ልብስ ሰፊው ከገበሩ የወደቀውን ክር ከወለሉ ለቀመ።

"ታምሜ ስለፈራህ ነው። እሱ ገባኝ። የመጀመሪያው ገባኝ። አራቱስ?"

"ከጀመርኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።"

"ማሩን ይቅር ያልከኝስ?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። እህቱ ቀሚሱን አጣጥፋ አስቀመጠችና ወረቀቱን ከግድግዳው አነሳች።

"ኮትህን ልበስ። ሲስተርዋ ካርዴ ላይ ያልሆንኩትን ጽፋለች። በአፍህ ትነግራታለህ" አለችው።

ነርሷ ሰማችው። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም፤ ያ ደግሞ ባሰበት። ካርዱን አውጥታ የጻፈችውን ሰረዘች። ከዚያ ይዞት የመጣውን ደብተር ተቀብላ እውነተኛዎቹን ቁጥሮች ተመለከተች።

"ዘጠኝ ላይ ሁለት ሳምንት ቆመ። ይሄ እኮ የታወቀ ነው። ሰው ሲቀል ያው አንድ ሰዓት የሚያቃጥለው ያንሳል፤ ሰውነትም ውኃ ይይዛል፣ ይለቃል። ያኔ ቢመጡልኝ አሥራ አምስት ደቂቃ ይጨምሩ እላቸው ነበር። ሁለት መቶ ሃምሳው ሦስት መቶ ይሆናል። አበቃ።"

"አሥራ አምስት ደቂቃ?" አለ ልብስ ሰፊው።

"አሥራ አምስት ደቂቃ። ከሳህናቸው ላይ ምንም ሳይነካ።"

አንገቱን ደፋ። አንዱን ጎን ተርትሮ መልሶ ለመስፋት ብቻ ከዚያ የበለጠ ይፈጅበት ነበር።

እህቱ ያን ቀን ሳይነግሯት ሚዛኑ ላይ ወጣች። ቁጥሩን ራሷ ጎንበስ ብላ አነበበች፣ በየሁለት ሳምንቱ እንደምትመጣም ለነርሷ ቃል ሰጠች። ከአራት ወር በኋላ ለሚሆነው ቀጠሮ ስሟ እንደገና ተጻፈ።

ቤት ሲደርሱ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። "መልሰው" አለችው። አጠገቡ ወንበር ስባ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ ጎኖቹን ወደ ጥንቱ መስመር ሲመልስ ስፌቱ እስኪያበቃ ተመለከተች። ሲጨርስ ልማዱ ነውና ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።

"አይ" አለች። "አንተ አይደለህም።"

ቀሚሱን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ መንገዱን ተሻገረችና "ነገ ይደርሳል" ቤት ገባች። በሰፈሩ ሁሉ ፊት፣ የጋሽ ሚሊ እህት ሌላ ሰፊ ዘንድ ልትለካ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን እንደያዘ ቆሞ አያት። ስንት እንደሆነ ተመልሳ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቀም። ደብተሩን ገልጦ አምስቱን ቁጥሮች በቀጭን መስመር ሰረዛቸው። እንዲነበቡ አድርጎ ነው የሰረዛቸው።

በማግስቱ ማለዳ ጫማዋን አጥልቃ ስትወጣ፣ "እኔም ልምጣ?" አላት።

"ሥራህን ሥራ" አለችው። በቁጣ አይደለም።

መቀነቱን ግን እንዲያስርላት ጀርባዋን ሰጠችው። አሰረላት። ከወጣች በኋላ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠ፤ እጁ በዚያ ሰዓት የለመደው ሥራ የለውም። ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ። የግድግዳውን ሰዓት ዞር እያለ ያያል። አንድ ሰዓት ሞላ። እሷ ገና ነች። አሥራ አምስት ደቂቃዋን እየሄደች ነው።